አባቴ ደመና ይሠራል

ሥራዬን የቀየረችልኝ ልጄ ናት፤ ያኔ ገና ትምህርት መጀመሯ ነበር። በመታወቂያዬ ላይ የቦይለር ኦፕሬተር ነኝ። አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውኃ አፈላለሁ። እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ማቅለሚያው ክፍል ይሄዳል፤ የተረፈው በጣሪያው በኩል ነጭ ሆኖ ይወጣል። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ቤት ገብቼ ስለ እሱ የማወራው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳችን ወደ አቃቂ በኩል ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩቁ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ ይታያል፤ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ነጭ ጉም ቀስ እያለ ይነሳል። ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን በረንዳው ላይ አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልጃችን እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ በጨርቅ ቁርጥራጭ ትጫወታለች። አንድ ቀን ጣቷን ቀስራ «ያ ምንድነው?» ስትላት፣ እናቷ ከስፌቷ ቀና ሳትል «የአባትሽ መሥሪያ ቤት ነው» አለቻት። ልጅቷ ያሳየቻት ጣሪያውን ሳይሆን ጉሙን ነበር። ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማዩ ደመና ጋር ሲቀላቀልም አየች። የቀረውን በራሷ ጨረሰችው።

ያን ዕለት ማታ በሩን ስትከፍትልኝ «ዛሬ ብዙ ሠራህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ደመናውን።»

ማረም ነበረብኝ። ግን በሰልፍና በታክሲ ስንገላታ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ጫማዬን እያወለቅሁ ጥያቄዋ ደስ አለኝ። ከፋብሪካ ስመለስ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ዛሬ ትንንሽ ነው የሠራሁት» አልኳት። «ውኃው ቀጠነብኝ።» ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት ትመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ሪፖርት ማቅረብ ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን ጥላ ብቻ የሚጥል፣ ዝናብ የሌለበት ደመና ሠርቼ እመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ለሠርግ የሚሆን ስስ ነጭ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ባዘቶ የተነደፈ። በታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር እኔ በመስኮቱ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ፤ ዛሬ ምን ልበላት እያልኩ። ቦይለሩ ፊት ቆሜ የግፊት መለኪያውን ስጠብቅ እንኳ ልቤ ከእንፋሎቱ ጋር ሽቅብ ይሄድ ነበር። ለዓመታት የሰለቸኝ ፉጨት ያን ሰሞን ደስ የሚል ድምፅ ሆነብኝ።

ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትለኛለች። «ያኔ በየት እንደምታመልጥ አያለሁ።»

ከሕንፃችን ፊት ለፊት አንዲት ሲሚንቶ የፈሰሰባት ሜዳ አለች። በበርበሬ ወራት ሴቶቹ በተራ ያሰጡባታል። ተራዋ የደረሰ ሸራዋን ትዘረጋለች፤ የቀሩት ሲወጡ ሲገቡ ልጆቹን ይከለክሉላታል። አንድ ቀን ተራው የምድር ቤት ጎረቤታችን፣ የእማማ ነበር። ሳሪስ አቦ ሊሳለሙ እንደሄዱ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ጎረቤት ሁሉ ሮጦ ሸራውን ቢያጣጥፍም ግማሹ በርበሬ ራሰ።

እኔ ስገባ እማማ ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ ወዲህ።»

«ምነው እማማ፣ በደህና?»

«በርበሬዬን ያራስከው አንተ ነህ አሉ።»

ያጠፋሁትን ለማስታወስ ሞከርኩ። ለካ ልጄ ቀድማኝ ወርዳ «አባቴ ነው፤ በርበሬ መኖሩን ሳያውቅ ነው፤ ይቅር ይበሉት» ብላ እጇን አጣምራ ለምናቸዋለች። እሳቸውም ልጅቷን አላሳፈሯትም።

«ስለ እሷ ስል ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «እስከ ቅዳሜ ግን አደራህን፣ ምንም እንዳትሠራ።»

«እሺ እማማ፣ ለአለቃዬ እነግራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሕንፃው በሙሉ ደንበኛዬ ሆነ። ልብስ የምታጥብ ጎረቤት መጀመሪያ ልጄን ትጠይቃለች። ልጄም እንደ ጸሐፊ «አባቴን አናግሬ እነግርሻለሁ» ትላለች።

የእሁድ ከሰዓት ወሬያችን ብዙውን ጊዜ በረንዳው ላይ ነው። አንድ እሁድ ባለቤቴ «አንተ ልጅ ሆነህ ምን መሆን ነበር የምትፈልገው?» አለችኝ።

«ባቡር» አልኳት።

«ባቡር ነጂ?»

«አይደለም፣ ባቡሩን ራሱን።» አቃቂ ነው ያደግሁት። ባቡሩ ሲያልፍ ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ ያየው ነበር፤ እኔም እንደዚያ መታየት አማረኝ። መምህሬ ስትጠይቀኝ በግልጽ ተናገርኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሬዲዮው ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ይኖራሉ ብላ ታምን ስለነበር፣ ስታድግ እዚያ ገብታ መኖር ነበር ሐሳቧ። «አንዲት ጠባብ ክፍል ትበቃኝ ነበር» አለች። ልጃችንን ጠየቅናት። በዚያ ሳምንት ብቻ ነርስም፣ ጥንቸልም፣ ትኬት ቆራጭም ሆና ነበርና ለመወሰን ተቸገረች። ጀምበሯ እየጠለቀች፣ ብርሃኑ በዩኒፎርሞቹ ላይ እየቀላ፣ ሦስታችንም ያልሆንነውን ሁሉ ሆነን አመሸን። እንደዚያ ያለ ደስታ እንዳለኝ ያወቅሁት ሊያመልጠኝ ሲል ነው።

በማግሥቱ አለቃዬ ቢሮው ጠራኝ። ሐዋሳ አዲስ ፋብሪካ ሊከፈት ነው፤ የእንፋሎት ክፍሉን በኃላፊነት የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ፤ አለቃዬም እኔን ጠቁሟል። እስከሚቀጥለው ሰኞ መልስ እንድሰጥ ነገረኝ። ጓደኞቼ ወዲያው ሰምተው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ በርታ» እያሉ ቀለዱብኝ። ልቤ ፈልጎታል፤ አልዋሽም። የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ በር፣ «ጠይቁት፣ እሱ ያውቃል» የሚባልልኝ ቦታ። ግን የባለቤቴ ደንበኞች እዚህ ናቸው፤ የልጄ ትምህርት ቤትም እዚህ ነው። እኔ ብቻዬን ሄጄ በወር አንዴ እመለሳለሁ ማለት ነው።

ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ልብህ ከፈለገው ሂድ፤ እኔ አልይዝህም» አለች። «ለእሷ ግን አንተው ንገራት።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ እሷን ምን ላማክራት?»

«አማክራት አላልኩህም። ንገራት ነው ያልኩህ።»

ሳምንቱን ሙሉ ዛሬ ነገ ስል እሁድ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ቀላል መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። «ሐዋሳ የሚባል አገር ደመና አልቆባቸዋል» አልኳት። «መጥተህ ሥራልን ብለው ጠርተውኛል። ስለዚህ እዚያ እየኖርኩ፣ በየወሩ እየመጣሁ አይሻለሁ።»

ሰማዩን ተመለከተች። ከአቃቂ በላይ አንድ ሰፊ ደመና በዝግታ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። በዓይኗ ሸኘችው።

«አባዬ፣ ደመና እኮ ራሱ ይሄዳል።»

«አዎ፣ ይሄዳል።»

«ታዲያ እዚህ ሠርተህ ላክላቸው። አንተ ለምን ትሄዳለህ?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።  ልጄ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ስታየው የኖረች ናትና ደመና እንዴት እንደሚሄድ ከእኔ ይልቅ አስባበታለች።

«የምሄደው ለደመና አይደለም፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «እኔ የማፈላው ውኃ ነው። ደመና ሠርቼ አላውቅም። እዚያ አለቃ ሊያደርጉኝ ነው።»

ፊቷ ላይ ያለፈውን ኀዘን አየሁት። ቶሎ ሰበሰበችውና «አለቃ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«ሌሎቹ ሲሠሩ ያያቸዋል። እንዳይጎዱ ይጠብቃቸዋል።»

«እኛንስ?»

አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። መልስ ያለው ጥያቄ መስሏት ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ እሷም የያዘችውን ጨርቅ ታየው እንጂ አልረዳችኝም።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ አልሄድም አልኩት። «ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ይገፋል?» ብሎ ምክንያቴን ጠየቀኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? በእኔ ፈንታ የተመደበው የሥራ ባልደረባዬ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የተነሳውን ፎቶ ሲልክልኝ ቅናት አንገበገበኝ። አንዳንድ ጊዜ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሰኞ ማታ ልጄ በሩን ከፈተችልኝ። እጄን ይዛ «ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«አልሄድም።»

«እሺ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ስለ ደመናው አላነሳችም። በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ጎረቤት ስለ ዝናብ ሲጠይቃት «እኔ እንጃ» ትላለች አሉ።

እኔ ግን ልማዱ አልለቀቀኝም። ከአቃቂ ስመለስ ታክሲው ውስጥ በመስኮቱ ሰማዩን እያየሁ የዛሬውን አዘጋጃለሁ፤ ስስ ነበር፣ ወፍራም ነበር፣ ወዴት እንደሄደ። አዘጋጅቼው እገባለሁ። እሷ በሩን ትከፍትልኝና የትምህርት ቤቷን ወሬ ትነግረኛለች፤ እኔም ጫማዬን እያወለቅሁ እሰማታለሁ።