ያልተረጎምኩት ሽምግልና

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የምሠራው ወገዳ ነው፤ የተወለድኩት ግን ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ባለ የስማዳ ቀበሌ ነው። ታናሽ እህቴ እዚያው ናት። በየቀኑ ገደል ወርዳ ውሃ ትቀዳለች፤ ይህ የማወራው ነገር ሲሆን ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ውሃ ጠፍቶ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ጉድጓድ አለን። ከሩቅ ምሥራቅ ያለ፣ አሁን አሁን ጉልበት ያወጣ አንድ መንግሥት ቆፍሮ፣ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ገጥሞ፣ ባንዲራውን ለጥፎበት ሄደ። ሁለት ዓመት ጠጣን። ከዚያ ፓምፑን የሚያስነሳው ሳጥን ተቃጠለ። ሠሪዎቹን ብንጠይቅ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል አሉን።

ዓምና አንድ የምዕራብ መንግሥት እንግዶች ላከ፤ እኔም ላስተረጉም ተጠራሁ። መሐንዲሳቸው ሳጥኑን ከፍቶ አየና "መኪናችን ውስጥ ያለው መለዋወጫ ይገጥማል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው" አለኝ። አለቃው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከለት። ሳጥኑን መልሶ ዘጋው። የእነዚያ ባንዲራ ያለበትን ዕቃ መንካት የመንግሥታቸው ፖሊሲ አይፈቅድም አሉ። ከፈለግን ግን፣ ጥናት ተጠንቶ፣ ከጎኑ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍሩልናል! እነሱ ማን ይበልጥ ሲባባሉ እኛ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን። እግዜር ይይላቸው።

ይህን ለተሰበሰበው ሕዝብ ስናገር የደብሩ መሪጌታ ተነሡ። በአገሩ ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ እነዚህ ሁለት አገሮች ተቀያይመዋል ማለት ነው" አሉ። "እኛ ሽማግሌ እንሁናቸው። እኔ መቋሚያዬን ይዤ ሁለቱም ደጅ እሄዳለሁ። እስኪታረቁ ግን ይችን ሳጥን ይሥሩልን፤ የተጣላ ጎረቤት እንኳ እሳት አይከለክልም። እንዲህ ብለህ ንገርልኝ።"

ስለ ውጭ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ንግግር በሬዲዮም ሰምቼ አላውቅም። አፌን ስከፍት ከወረዳ የመጣው ኃላፊ እጅጌዬን ያዘኝ።

"እንዳታስቀይማቸው። እያመሰገኑ ነው በል" አለኝ።

እኔ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት አንበሳ የሆንኩት ሰውዬ፣ "ቴንኪው፣ ቴንኪው ቬሪ ማች" አልኩ። እንግዶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ፤ ከመሪጌታው ጋር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

"ምን አሉ?" አሉኝ መሪጌታ።

"እናስብበታለን ብለዋል።"

"ደግ! የተጣላ ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው።"

እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር መልስ መጣ ወይ ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ። በእንግዶቹ የተናደድኩትን ያህል በራሴም እናደዳለሁ።

እህቴ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። በዚያው በስብሰባው ቀን ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘኋት፤ ጀሪካን አዝላ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ትወጣለች። ስብሰባው ላይ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። እኔ እንድማር ትምህርቷን ትታ ውሃ መቅዳት የጀመረችው እሷ ናት። ጀሪካኑን ላወርድላት እጄን ስዘረጋ ፈቀቅ አለች።

"ተወው፣ ጋሼ" አለችኝ። "እኔም እኮ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ቴንኪው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።"