በቆመች መኪና ላይ የተሰጠ ቃል

ወልደሚካኤል ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ መርካቶ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ሙያውን የተማረው ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ ቀርቶ ጋራዥ ከከፈተ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሲሞት ካቻቢቴውንና ፒንሳውን አወረሰው። ወልደሚካኤል ወደ ሃምሳው ሲጠጋ፣ በዚያ ሰፈር ከእሱ የሚሻል የለም ይባል ነበር፤ እሱም ወሬውን ይሰማል፣ አያስተባብልም። የባትሪን መድከም ከክላክሱ ድምፅ ያውቃል፤ የተቃጠለ ሽቦ ከየት በኩል እንደሆነ አሽትቶ ይለያል። ፖሊስም በአደጋ የተያዘ መኪና ሲኖረው መብራቱን እንዲመረምር የሚያስጠራው እሱን ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አትክልት ተራ አጠገብ አደጋ ደረሰ። ዘውገ የሚባል የታክሲ ነጂ ተሳፋሪ ፍለጋ ሰይቼንቶ የምትባለውን ትንሽ ታክሲውን ቀስ እያደረገ ሲነዳ፣ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨው። ታክሲዋ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላተመች፤ ዘውገም ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነፍሱ ወጣች። የጭነት መኪናው ነጂ ሽኩር የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። አልሸሸም፤ እዚያው ቆሞ ተያዘ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚናገረውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታክሲዋ የኋላ መብራት አልነበራትም፣ ያየኋት ከደረስኩባት በኋላ ነው ይላል።

ወልደሚካኤል ተጠራ። የታክሲዋ የግራ ጎን ተጨፍልቆ የቀኙ የኋላ መብራት ግን ተርፎ ነበር። ባትሪውን አየ፤ ማብሪያውን ተጫነ፤ ዞሮ ሲያይ ቀዩ መብራት ቁልጭ ብሎ በርቷል። አጠፋና ደግሞ አበራ። አሁንም በራ። ከመሪው አጠገብ የተገጠመ አሮጌ ሬዲዮ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን የተጠየቀው ስለ መብራት ስለሆነ አልነካውም። ፀሐዩ ከሯል፣ ሱቁም ሰው ይጠብቀዋል። መብራቱ ይሠራል ብሎ አስጻፈና ፈረመ። በችሎትም ምሎ ያንኑ ደገመ። ሽኩር በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ተብሎ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ወልደሚካኤል ከችሎቱ ሲወጣ፣ የሽኩር ሚስት ሐጀራ ልጇን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችው።

ነሐሴ ላይ የዘውገ ሚስት ሸዋርካብሽ ወደ ወልደሚካኤል መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሸማ ተራ ነጠላ እየሸጠች ነው የምትኖረው። ታክሲዋን አስቀጥቅጣና ቀለም አስቀብታ ነጂ ቀጥራላት ነበር። ነጂው ግን ሬዲዮው ማታ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ዝም ይላል፣ ስትቆም ይጮሃል እያለ ነቅሎ ሊጥለው ፈለገ። ዘውገ ሬዲዮውን ከምናለሽ ተራ ገዝቶ፣ አንድ እሑድ ሙሉ ከመሪው ስር ተኝቶ ለማንም ሳያሳይ ራሱ ነበር የገጠመው። ሲዘፍንለት እንደ ልጅ መደሰቱን ነገረችው።

«ይስተካከልልኝ እንጂ እንዳይነቅሉብኝ ጋሼ» አለችው። «ከእጁ ሥራ የቀረኝ ይኸው ነው።»

ወልደሚካኤል ከመሪው ስር ገባ። ሬዲዮውን ሲከፍተው ዝም አለ። መብራት ሲያበራ ግን ያን ጊዜ ጮኸ። ይህ ገረመውና ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ሄደ። መጨረሻው ላይ በቁስል ፕላስተር የተጠቀለለ አንድ እብጠት አገኘ። ፕላስተሩን ገለጥ አድርጎ አየ። ዘውገ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ሲፈልግ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ ያገኘውን የመጀመሪያውን ሽቦ ይዞ ቆርጦታል። ሽቦው ወደ ኋላ መብራቶች የሚሄደው ነበር። ከዚያ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎችና የሬዲዮውን ሽቦ አንድ ላይ በእጁ ጠምዝዞ፣ ሳይበይድ ጠቅልሎ ትቷቸዋል። መኪናዋ ስትቆም ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ መንገድ ሲያንገጫግጫት ይላቀቃሉ። ሲላቀቁ ሬዲዮው ብቻ አይደለም ዝም የሚለው።

ወልደሚካኤል በጀርባው እንደተኛ ቆየ። የሚሆነውን ያውቀዋል፤ ግን ከዚህ በፊትም አውቃለሁ ብሎ ነበር። ወጥቶ ሸዋርካብሽን መንገዱ ዳር ቆመሽ የኋላ መብራቱን ተመልከቺልኝ አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ሰማዩ ሊዘንብ ጠቁሮ ስለነበር መብራቱ በደንብ ይታያል። ታክሲዋን አስነስቶ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ነዳት። ጥቂት እንደሄደ ሬዲዮው ዝም አለ። ጥግ ይዞ ሲያቆም እንደገና ጮኸ። ተመልሶ ሲመጣ ሸዋርካብሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። በችሎቱ ተቀምጣ የሽኩርን ቃል ሰምታለችና ምንም ማስረዳት አላስፈለገም።

«ሲሄዱ ጠፋ» አለች።

«አዎ። ያን ጊዜ እኔ ያየኋት ቆማ ነው» አላት።

አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀችው። ማንም እንደሌለ ነገራት። ታዲያ ይበይዱትና ይለፍ፣ ሙት አይወቀስም አለችው፤ ራሱን በራሱ ገደለ ተብሎ ዘመድ አዝማዱ እንዲያማው አልፈልግም አለች። ወልደሚካኤልም ፕላስተሩን ከገለጠ ጀምሮ ይህንኑ ሲያስብ ነበር። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ቢበይደው ስሙም ይተርፋል፣ የዘውገም ስም ይተርፋል። ሆኖም ሽቦውን እንዳለ እንደሚተወው ነገራት። ሸዋርካብሽ መኪናዋን እዚያው ትታ፣ ሳትሰናበተው ሄደች።

ሁለት ቀን ሱቁን ሳይከፍት ቤቱ ተቀመጠ። ሚስቱ የሻሽወርቅ ምን እንደነካው ብትጠይቀው፣ ሰው አሳስሬአለሁ አላት። የታሰረው በዳኛ ፍርድ ነው ብላ ልታጽናናው ሞከረች። ዳኛው የፈረደው በእኔ ቃል ነው ብሎ መለሰላት።

በሦስተኛው ቀን ሸዋርካብሽ ጥቁር ልብሷን ለብሳ መጣች። ትናንት በማለዳ፣ ሐጀራ ትሠራበታለች ወደተባለው አትክልት ተራ ሄዳ ስትፈልጋት እንደነበር ነገረችው። የሄደችው ሩቅ ቆማ አይታት ልትመለስ ነበር። ሐጀራ ልጇን አዝላ የበሰበሰ ሽንኩርት ከደህናው እየለየች አገኘቻት። ሐጀራም አወቀቻት፤ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ባሏ ከታሰረ ጀምሮ ልቧ ውስጥ የያዘችውን አንድ ቃል አለቻት። «አላህ ያጽናሽ።»

«እኔ ምን ልመልስላት ጋሼ?» አለች ሸዋርካብሽ። «የእኔ ከአፈር በታች ነው። የእሷ ሰው ግን በሕይወት አለ። ይሂዱና ይናገሩ፤ እኔም አብሬዎት እቀርባለሁ።»

ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ እስኪፈቀድ ወራት ወሰደ። በመጨረሻ ዳኞቹ ታክሲዋ በፊታቸው እንድትነዳ አዘዙ፤ መብራቱም ሲጠፋና ሲበራ ሁሉም አየ። ከመካከላቸው አንደኛው ወልደሚካኤልን፣ አስቀድመህ ምለህ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁት።

«ምዬ ነበር ጌታዬ። ያየሁትን ነው የማልኩት፤ ያየሁት ግን ግማሹን ነው» አለ።

በችሎቱ ሰው ፊት ብርቱ ተግሣጽ ተሰጠው፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ሸዋርካብሽም ተጠይቃ፣ ሬዲዮውን የገጠመው ባሏ እንደሆነ ሳትደብቅ ተናገረች። ሽኩርም ቢሆን ተጠንቅቆ መንዳት ነበረበት ተብሎ ጨርሶ ነጻ አልተባለም፤ ግን ቅጣቱ ተቀንሶለት፣ የታሰረው ይበቃዋል ተብሎ ተለቀቀ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ታስሯል።

ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ወልደሚካኤልን አልጠራውም። ደንበኞቹም ቀነሱ፤ በሐሰት የመሰከረው ሰውዬ እያሉ እርስ በርሳቸው የሚያወሩ ነበሩ። እሱ የቀሩትን መኪናዎች ግን ጠግኖ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ነድቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ አስወጥቶ ነው የሚያስረክበው። የሸዋርካብሽን ሬዲዮ የራሱ ሽቦና የራሱ ፊውዝ አድርጎ ገጠመላት፤ የኋላ መብራቱንም ሽቦ በአዲስ ለወጠ።

ሽኩር በተፈታ በሳምንቱ ወልደሚካኤል ስኳር ይዞ ቤቱ ሄደ። ሽኩር ተነሥቶ ወንበር ሰጠው። ሐጀራ ውሃ አቀረበችና ወደ ጓዳ ገባች። ወልደሚካኤል የመጣበትን ተናገረ፤ ሰበብ አላበዛም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን መቶ እርምጃ ያህል ቢነዷት ይበቃ ነበር» አለ ሽኩር።

«ይበቃ ነበር።»

«ልጄ ድክ ድክ ሲል አላየሁም።» ሽኩር ወለሉን እያየ ቀጠለ። «ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት ለአፌ ቀላል ነው። ልቤ ግን ገና ነው። ልቤ እሺ ያለ ቀን መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ወልደሚካኤል እጠብቃለሁ ብሎ ወጣ።

ሽኩር ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። ከሐጀራ ጋር አትክልት ተራ ሽንኩርት ማከፋፈል ጀመረ። ወልደሚካኤል በዚያ ሲያልፍ ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጁ ይጠያየቃሉ። ቃሉ ግን አልመጣም፤ ወልደሚካኤልም አልጠየቀም። ስድስት ዓመት አልፎ ወልደሚካኤል በጽኑ ታሞ ሲተኛ፣ ሽኩር ሊጠይቀው መጣ። ከአልጋው አጠገብ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ስለ ዝናቡና ስለ ልጁ ትምህርት ቤት አጫወተው። ሊሄድ ሲነሣ ብርድ ልብሱ ከወልደሚካኤል እግር ላይ ተንሸራቶ አየ፤ ጎንበስ ብሎ አለበሰው፤ ጥቂት እዚያው ቆመ፤ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።