ጉልበቴን ይዤ ቴፒ ለሽምግልና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡00፣ ሚዛን ተፈሪ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ደረስኩ ማለት ይቀላል እንጂ ከቤቴ ያለችውን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የጨረስኳት። የወንድሜ ልጅ ቴፒ ተቀጥሮ እዚያው አንዲት መምህርት ወዷል። አባቷ አቶ ገብሬ ሁለት ጊዜ የሄዱ ሽማግሌዎችን “እንመክርበታለን” ብለው መልሰዋል። ዛሬም ከመለሱን ነገሩ አበቃ። እኔ አንደበተ ርቱዕ ነው ተብዬ ተጨመርኩ። ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት አማን ሆስፒታል ያከመችኝ ሐኪም ግን አልደበቀችኝም። እኔ “ብርድ መቶኝ ነው” ስላት ሆዴን አየት አደረገች። በጉልበቴ አጥንቶች መሃል ያለው ልስልስ ነገር ከዕድሜ ጋር እየሳሳ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ያባብሰዋል አለች። ቀንስ፣ በልክ ተራመድ፣ ወንበር ላይ ሆነህ እግርህን እያነሳህ ጭንህን አጠንክር፤ ካበጠና ካተኮሰህ ቶሎ ና። እኔ ጀግናው ቅቤ ቀብቼ በሻርፕ አሰርኩት።

ከጠዋቱ 2፡30፣ ሸኮ

ቀይ ጭቃ፣ በየደጁ የተሰጣ ቡና፣ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ። ሹፌሩ ወርጄ እግሬን እንዳፍታታ መከረኝ፤ ተቀምጦ መዋል ያደርቃል አለ። “ደህና ነኝ” ብዬ በመስኮት አራት ሙዝና ሁለት ቦንቦሊኖ ገዝቼ በላሁ። ክብደት መቀነስ ከሰኞ ይጀመራል።

ከረፋዱ 4፡00፣ ቴፒ፣ አቶ ገብሬ ቤት

ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ “እሺ” ሳይባል አይቀመጥም። አለቃችን ጋሽ ተፈራ ቆመው የልጃችንን ዘር ማንዘር ይቆጥራሉ። እኔ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እቆማለሁ። ሰባተኛው አያት ላይ ሲደርሱ ጉልበቴ ከዳኝና አግዳሚው ላይ ዘጭ አልኩ። ጋሽ ተፈራ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

“ይቅር ይበሉኝ፣ ድፍረት አይደለም። ጉልበቴ ነው” አልኩ።

አቶ ገብሬ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። የሳቸውም በጨርቅ ተጠምጥሟል።

“ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደግፋ የምታስነሳኝ ልጄ ናት” አሉ። “ማን ያነሳኛል ብዬ ነው ያመላለስኳችሁ። ይሄ ለሰው ይነገራል?”

ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሲመላለስ ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ ስለ ዘር ስናወራ ከረምን። አፈርኩ።

“ልጃችን የሚሠራው እዚሁ ቴፒ ነው። እሷ ከሰፈርዎ አትርቅም፤ የሚያነሳዎት ሁለት ይሆናል” አልኳቸው። ጫማዬን አውልቄም ሐኪሟ ያሳየችኝን አሳየኋቸው፤ እግሬን ቀጥ አድርጌ አነሳሁና አሥር ቆጠርኩ። እሳቸውም አነሱ። ሁለት ሽበታም ሰዎች እግራችንን ዘርግተን ጮክ ብለን ስንቆጥር ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው።

ሦስተኛው ዙር ላይ አቶ ገብሬ ቀና ብለው አዩአቸው።

“እናንተ ደግሞ ምን ያስቆማችኋል?” አሉ። “ተቀመጡ እንጂ።”