ጋሽ ሰይድ የመረጡልን መጽሐፍ

ነገሩ የሆነው አምና የካቲት ላይ ነው። ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን ታላቅ ወንድሜን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሳስበው ግማሹ ያስቀኛል፣ ግማሹ ያሳፍረኛል።

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ስለምውል ጮክ ብዬ ነው የማወራ። ነገርም በሆዴ አላሳድርም ባይ ነኝ። ልብ ወለድ ያነባል ብሎ የሚጠረጥረኝ የለም። ግን አራት ሆነን የመጽሐፍ ዕቁብ አለን። ዕጣ የወጣለት ሰው ለሁላችን አንድ ልብ ወለድ ይመርጣል። መጽሐፉ አንድ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም አንብቦ ሳይጨርስ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። መራጩም ለምን እንደመረጠው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ዕጣው የወጣው ለጋሽ ሰይድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፣ ብዙም አይናገሩም። ከባሕር ዳር የገዙትን ጠርዙ የተበላ አሮጌ ልብ ወለድ ሰጡን። መጀመሪያ መምህር አበበ አነበበው። ቀጥላ ነርሷ ትዕግሥት ወሰደችው። ለኔ ስታቀብለኝ ፊቷ ልክ አልነበረም። "ምነው?" ብላት "አንብበው" ብቻ ብላኝ ሄደች።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። በድንበር ተጣልተው ይኳረፋሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ታላቁ ዝምተኛ፣ ታናሹ ግልፍተኛ ነው። ሃምሳ ገጽ ያህል እንዳነበብኩ መጽሐፉን ዘጋሁት። ደሜ ፈላ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን ነበርና።

ይርጋ ቁሐር ሚካኤል የሚኖር ገበሬ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ያየሁት እሱን ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሩዙን በጋሪ አስጭኖ፣ በኔ ደጅ አልፎ፣ ከኔ ማዶ ካለው ሰውዬ መፈልፈያ ሲያወርድ አየሁት። ወንድም እያለው። ገበያተኛው ሁሉ እያየ። ንቆኛል አልኩ። እሱም መጥቶ አላስረዳኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት፤ በዚያው ቀረን።

ይህን ለዕቁቡ ሰዎች ነግሬ አላውቅም። ታዲያ ጋሽ ሰይድ ከየት ሰሙ? ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩና የይርጋ ሚስት ጨርቅ የምትገዛው ከሳቸው ሱቅ መሆኑ ትዝ አለኝ። አለቀ። ይርጋ በሚስቱ በኩል ስሞታ ልኮብኛል፣ እሳቸውም በልብ ወለድ ሊመክሩኝ ነው። እኔ ደግሞ በዘወርዋራ መመከር አልወድም።

መጽሐፉን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በባጃጅ ቁሐር ሄድኩ። ይርጋ ግቢው ውስጥ ለላሞቹ የሩዝ ጭድ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ያላነጋገርኩትን ሰው፣ ሰላም እንኳ ሳልለው፣ "ይርጋ፣ እኔን ለሰው ሰጥተህ ታስመክረኛለህ?" አልኩት። ወትሮ "አያ ይርጋ" ነበር የምለው፤ ያን ቀን "አያ"ዋን ዋጥኳት።

"ለማን ሰጠሁህ?"

"ለጋሽ ሰይድ።"

"ሰይድ ማነው?"

የእውነቱን ነው፤ አያውቃቸውም። መጽሐፉን አውጥቼ ታሪኩን ነገርኩት። ጭዱን እንዳቀፈ ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ "እና እነዚህ ሰዎች ለምን ተጠያይቀው አይወጣላቸውም?" አለኝ።

"አንተስ ለምን በደጄ አልፈህ ሄድክ?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። "መፈልፈያህ ሩዝ ይሰብራል" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን?"

"ይሰብራል። ግማሹ ስብርባሪ ሆኖ ነው የሚወጣ። ገበያ ባወጣው ማን ይገዛኛል? ገና መክፈትህ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ተስፋ ትቆርጣለህ ብዬ ፈራሁ።"

ክው አልኩ። ንቆኛል ያልኩት ወንድሜ ይሉኝታ ይዞት ኖሯል። ደንበኞቼ ለምን እየሳሱ እንደሄዱም ያኔ ገባኝ። አገሩ ሁሉ እያወቀ የነገረኝ ግን አንድ ሰው የለም። የይርጋ ሚስት ምሳ አቀረበች፤ ተቀምጬ በላሁ። ስወጣ "አያ ይርጋ፣ ደህና ዋል" ስለው እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

መጽሐፉን በማግስቱ ጨረስኩት። መጨረሻው ክፉ ነው። ታናሹ ለዕርቅ ሲሄድ የታላቁ ሬሳ ከቤት ሲወጣ ይደርሳል።

እሑድ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ተሰበሰብን። ትዕግሥት ቀደመችኝ፤ "ጋሽ ሰይድ፣ የኔንና የእህቴን ነገር ማን ነገረዎት?" አለቻቸው። መምህር አበበ ደንግጦ፣ "ለኔ አልነበረም እንዴ?" አለ። እሱም ከአጎቱ ጋር ተኳርፎ ኖሯል። ሦስታችንም ሳቅን። ጋሽ ሰይድ ግን አልሳቁም።

"ለማናችሁም አይደለም" አሉ። "እኔ ራሴ ግማሹ ላይ ነው ያቆምኩት። ሐሙሲት ወንድም አለኝ፤ ከተነጋገርን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። መጨረሻውን ማንበብ ፈራሁ። እናንተ ስትጫወቱ እሰማዋለሁ ብዬ ነው የመረጥኩት። እንግዲህ ንገሩኝ፣ ታረቁ?"

ትዕግሥት አንገቷን ደፋች። አበበ ወደኔ ዞረ። ታረቁ ብዬ ልዋሽ አሰብኩ፤ አፌ እሺ አላለኝም። እውነቱን መናገርም ጨነቀኝ። ድምፄን እንደምንም ዝቅ አድርጌ "ወንድምዎ ጤና ናቸው?" አልኳቸው።

"ደህና ነው ይሉኛል።"

"እንግዲያስ መጽሐፉን ይተዉት። ሐሙሲት በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ቁሐር ሄጄ መጥቻለሁ።" የይርጋንና የመፈልፈያዬን ነገር ምንም ሳላስቀር አጫወትኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ተነሥተው፣ እኛ ገና ውስጥ ተቀምጠን፣ የሱቁን መስኮት መዝጋት ጀመሩ። እስከ መናኸሪያው ሸኘናቸው።

ከዚያ ወዲህ መፈልፈያዬን ባለሙያ አምጥቼ አሠርቻለሁ። አያ ይርጋም ሩዙን የሚያመጣው ለኔ ነው፤ የወጣውን እፍኝ ዘግኖ ያይና "አሁንም ትንሽ ይሰብራል" ይለኛል። ደስ ይለኛል ስላችሁ ከልቤ ነው። ሰው በደጄ ሲያልፍ ካየሁም ተከትዬ ወጥቼ እጠይቃለሁ እንጂ አላኮርፍም።

ጋሽ ሰይድ ሐሙሲት ሦስት ቀን ቆይተው ነው የተመለሱት። ዛሬ ዛሬ ወንድማቸው ወረታ ለገበያ ሲመጡ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያቸዋለሁ። መጽሐፉም እዚያው ከጨርቁ ጋር መደርደሪያ ላይ አለ። ታረቁ ወይ ብለው ግን እስካሁን ደግመው አልጠየቁንም።