ጉማሬ በክላክስ

ካፒቴን ይሉታል። ማዕረጉን የሰጠው ባሕር ኃይል እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት ነጭ ቆብ ገዛ። ቆቡ ያለ ጀልባ አላምርበት ቢለው ጊዜ ጀልባም ገዛ። ማቀድ ማለት እንዲህ ነው!

ጀልባዋ አራት ሰው በምቾት፣ አምስት ሰው በጸሎት ትጭናለች። ከአሮጌ አውቶቡስ ላይ የተፈታ ክላክስም ተገጥሞላታል። «ሐይቅ ላይ ክላክስ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀው መካኒክ «መታጠፊያ ላይ ካልተነፋማ ምኑን መንዳት ሆነ?» የሚል መልስ ተሰጥቶት አርፏል። ብቻውን ሲወጣ ግን ካፒቴን ክላክሱን አይነካም፤ ባዶ አውቶቡስ ለማን ይነፋል? ሞተሩን አጥፍቶ ጋደም ይላል፤ ጉማሬዎቹም ዙሪያውን ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ማታ ቤቱ ገብቶ «ለምደውኛል እኮ! እንደ ጎረቤት ነው የሚያዩኝ» ይላል።

ሚስቱ ዕድሜዋን በጥርስ ሐኪም ረዳትነት የጨረሰች ናትና፣ አፉን የከፈተ ሁሉ እውነት እንደማይወጣው ጠንቅቃ ታውቃለች። አንድ ቀን መረራት።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ እሁድ አብሬህ እወጣለሁ። ጉማሬ የሚባል ነገር ካለ ጀልባህን ይዘህ ቀጥል። ከሌለ ትሸጣለህ!»

ገዥውማ ድሮ ተገኝቷል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደላላ ነው፤ እንኳን ጀልባ፣ ጥላውን ቢያስማሙት ይሸጣል። እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ አፉ ሥራ አይፈታም ይባላል። እሁድ ጠዋት ማንም ሳይጠራው ቀድሞ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ለመሰናበቻ እንኳ አንድ ዙር ይንዷት ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

ካፒቴን ቆቡን አስተካክሎ ለሁለቱ ተሳፋሪዎች «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብሎ ተነሣ። ተሳፋሪ ሲጭን ደግሞ እጁ የሱ አይደለም። የመጀመሪያው የሐይቁ ዳርቻ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ጷ! ሐይቁን ሞልተው የነበሩት ወፎች እግሬ አውጪኝ አሉ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ጷ ጷ! ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቅ የነበረው አዞ ዘው ብሎ ውሃ ገባ። ሚስቱ እስከ ቀትር ድረስ ያየችው የዱር እንስሳ በሙሉ ጀርባውን የሰጣት ነበር።

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይንፉት፤ ዓሦቹ ልጅ አስተኝተው ይሆናል» አለ ደላላው።

በመጨረሻ ደንገል የከበበው ጸጥ ያለ ቦታ ደረሱ። ካፒቴን ሞተሩን አጠፋ። ጉማሬ ለማሳየት የቀረው ይህ ቦታ ብቻ ነው። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ከቦርሳዋ ውስጥ መነጽሯን ትፈልጋለች። ደላላው ደግሞ የጀልባዋ ጫፍ ላይ ተደግፎ «እኔ የምልሽ እትዬ፣ ገዥው ጨዋ ሰው ነው፤ ቀለሟንም...» እያለ ነበር።

ከአፍንጫው ፊት ለፊት፣ የመሳቢያ ያህል አፍ ተከፈተ።

ካፒቴን አየ። መጮህ ይችል ነበር፤ ሚስቱን መንካት ይችል ነበር። እጁ ግን መንገድ የዘጋ ነገር ሲያይ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው።

ጷጷጷ!

ጉማሬው ተገለበጠና ጠለቀ። ጀልባዋ ተናጠች፤ ደላላው ከራሱ እስከ ጫማው ራሰ። ሚስት መነጽሯን አድርጋ ስትዞር የቀረው አረፋ ብቻ ነው።

«ምን ነበር?»

«ጉማሬ! ይሄን የሚያህል!»

«ታዲያ የታል?» አረፋውን አየች፤ ክላክሱን አየች። «የሰው ባል ሚስቱን ከአውሬ ያስጥላል። የኔው አውሬውን ከኔ ያስጥላል!»

ካፒቴን ምስክር ቢፈልግ ያለው ደላላው ብቻ ነው። አበቃልኝ አለ በሆዱ።

«አንተስ፣ አይተሃል?» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ።

ደላላው አፉን ከፈተ። ዘጋ። እንደገና ከፈተ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ድምፅ ግን የለም። ብዙ ቆይቶ፣ ሐይቁ መሐል ላይ፣ በቀጭን ድምፅ፣

«ወራጅ አለ» አለ።

እህቱ እስክታለቅስ ሳቀች። «ይኼ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ጉማሬ አለ ማለት ነው። ጀልባዋ አትሸጥም!»

«እትዬ፣ ገዥው እኮ...»

«ዝም በል፤ ገና አሁን አማረብህ!»

ካፒቴን ከደስታው ብዛት እጁን ወደ ክላክሱ ሰደደ። እሷ ግን ቀድማ ክላክሱን በመዳፏ ሸፍናው ነበር።

«ሞክራትና!» አለችው። «ሁለተኛውን ጉማሬ እኔ ራሴ ሳላየው ማንም ከዚህ ንቅንቅ አይልም።»