ከእናቴ ግንባር ላይ ያጠፋሁት መስቀል

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፋልከንሪጅ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ፎቶ አነሳ ነበር። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ፎቶ የማነሳው በእረፍት ቀኔ ነው። ግን ለምርቃትም ለክርስትናም ሰው የሚፈልገው የእኔን ዓይነት ፎቶ ነበር፤ ከኋላው ነጭ፣ ከጎኑ ነጭ፣ ፊቱም በብርሃን የተሞላ። ኮምፒውተሩ ላይ ብርሃኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ ጥላውን አጠፋለሁ፣ ቆዳውን አለሰልሳለሁ፤ መጨረሻ ላይ ጎልቶ የሚቀረው ዓይንና ከንፈር ብቻ ነው። ጠይሟ ቀይ ሆና ትወጣለች፣ ቀይዋ ደግሞ ፈረንጅ። ሰው ደስ እያለው ይሄዳል።

ከሰሜን ከመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል አለ። ወጣቶቹ አይወዱትም። አንዷ ሙሽራ፣ "ፊቴን ብራይት አድርጊው፤ ይቺን ደግሞ ሪሙቭ አድርጊልኝ። ሥራ ቦታ ምንድን ነው እያሉ አሰልችተውኛል" አለችኝ። አጠፋሁላት። ከእሷ በኋላ የመጡትን ሳይጠይቁኝም ማጥፋት ጀመርኩ። እጄ ለመደ፤ እኔ ደግሞ ሙያ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ከጎንደር መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነበር። ካሜራ ካየች ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ትስባለች። ስልኬ ውስጥ ያሉት ፎቶዎቿ በሙሉ ወይ አጎንብሳ ወይ ተሸፋፍና የተነሳቻቸው ናቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለመንኳት፣ ተነጫነጭኩባት፣ በመጨረሻ እሺ ብላ አንሶላው ፊት ተቀመጠች። ነጠላዋን ራሷ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል ቁልጭ ብሎ ታየ። ለእኔ ብላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳኋት፤ ለሁለተኛው ስዘጋጅ በቃኝ ብላ ተነሳች።

በዚያው ሳምንት ቁጭ ብዬ ፎቶውን ሠራሁት። ነጩ ነጠላ ከነጩ አንሶላ ጋር አንድ ሆነ። የፊቷ መስመሮች ለሰለሱ። መስቀሉንም እንደ ብጉር ጠራርጌ አነሳሁት። ከዚያ በዋናው ፋይል ላይ ደርቤ፣ ያልተነካውን በእሱ ተክቼ አስቀመጥኩት፣ የካሜራውንም ካርድ ለማግስቱ ክርስትና አጸዳሁት። የእናቴን ፊት እያጠፋሁ እንደነበር ቅንጣት ታህል አልታወቀኝም።

በትልቁ አሳትሜ፣ መስታወት ባለው ፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩላት። ቆማ ብዙ አየችው።

"ቆንጆ ናት። ማን ናት?" አለች።

ሳቅኩና አንቺ ነሽ አልኳት። ግንባሯን በጣቷ ዳሰሰች።

"እናቴ ይህን ያስደረገችልኝ ስሞት እንኳ እንድለይበት ነው። መልሺልኝ፣ ልጄ።"

እመልሳለሁ አልኳት። የሚመለስ ነገር ይኑር አይኑር እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ሺፍት በዛብኝ፣ ደከመኝ፣ የሌላ ሰው የሠርግ ፎቶ ቀደመ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

በየካቲት አንድ ጠዋት፣ ቁርስ እየበላን፣ ወደ ጎን ዘንበል አለችብኝ። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሦስት ቀን ሆስፒታል ቆየች፤ ሦስቱንም ቀን እስከ ቅንድቧ በፋሻ ተጠቅልላ ነበር። እጇን ይዤ እንደተቀመጥኩ ሞተች። እንደዚያው እንደተጠቀለለች ተገንዛ ተቀበረች።

በቀብሯ ማግስት አዳራሽ ውስጥ ለቅሶ ልንቀመጥ ነበርና ፎቶ ያስፈልግ ነበር። የፓስፖርቷ ፎቶ ከጥፍር አይበልጥም፤ ግንባሯ ላይ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቼ ብርሃኑን ወደ ታች ሳብኩት። ፎቶ ላይ ፈጽሞ የነጣ ቦታ ምንም ነገር አይዝም፤ ቢያጠቁሩት የሚሆነው አመድ ነው። ይህን ለሌሎች ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ደጋግሜ ሳብኩት። ከዚያ በእጄ ልሥለው ሞከርኩ። ጫፎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ ወይስ የተከፈሉ? ከሥሩ ነጥብ ነበረችው? የሰው ፊት እያጎላሁ ስመረምር የኖርኩት ሴት የእናቴን ግንባር አላውቀውም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ራሴን ጠልቼውም ነበር።

የነበረውን ፎቶ እንዳለ ይዤ ሄድኩ። የእናቴ ታናሽ እህት ከኤድመንተን ከተማ መጣች። አክስቴ በወጉ መሠረት ፎቶው ፊት ቆማ እህቷን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ መሀል ላይ አቋረጠች። ቀረብ ብላ አየችው። ወደ እኔ ዞረች።

"እህቴን ምን አደረግሻት?"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አክስቴ አጠገቧ ከተቀመጠችው ሴት የኩል እርሳስ ተቀብላ፣ መስታወቱ ላይ፣ በእናቴ ግንባር ትክክል፣ መስቀሉን ሣለችው። አላመነታችም። ጫፎቹ የተከፈሉ ነበሩ፤ ከሥሩም ነጥብ ነበረችው። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ እህቷን በስሟ ጠርታ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።

አንሶላውን አውርጄዋለሁ። ፎቶው ግን ሳሎን ተሰቅሏል፤ መስታወቱን አልወለውለውም። በመስታወቱና በወረቀቱ መሀል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት አለ፤ ስለዚህ መስቀሉ ግንባሯ ላይ የሚያርፈው ፊት ለፊት ቀጥ ብዬ ከቆምኩ ነው። ሶፋው ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሆኜ ሳየው፣ መስቀሉ ከፊቷ ወጥቶ ባዶው ነጭ ላይ ነው።