ጋሪ የጎተተው አውሮፕላን

ዛሬ ዳንግላ ላይ የጋሪ ፈረስ አውሮፕላን አስነሣልኝ። ሳቁ፣ ያስቃል።

አውሮፕላኗ የወረቀት ናት። በሃምሳዎቹ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ መጽሔት ላይ ያየኋትን ሞተር የሌላት ግላይደር አሳንሼ ነው የሠራኋት። ክንፏን በዱቄት ሙጫ ስለጥፍ ሰነበትኩ፤ ቤቴ ውስጥ «ምን እየሠራህ ነው?» የሚል ሰው የለም።

ግላይደር ጎታች ትፈልጋለች። ያኔ በተማሪነቴ የሠራኋትን ስናበር፣ ጓደኛዬ ስንሻው ክሯን ይዞ በአባቱ ፈረስ ይጋልብ ነበር። ከፍ ስትል እኔ ከኋላ «ልቀቀው!» እላለሁ፤ ክሩን ሲለቀው በነፋስ ትንሳፈፋለች።

ዛሬ ብቻዬን ልሮጥ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። ሜዳው ዳር አንድ ባለጋሪ አስቆምኩ።

«አባባ፣ ዕቃዎ የት አለ?»

«ይችን ክር ብቻ ያዝልኝና ንዳ።»

ነዳ። አውሮፕላኗ ከሣሩ ተነሣች፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጣች። ደስታው ቢያሳብደኝ ጮህኩ፦ «ስንሻው፣ ልቀቀው!»

ባለጋሪው ክሩን እንደያዘ ዞረ። «እኔን ነው፣ አባባ?»

ስንሻው ካረፈ ቆይቷል።

«አዎ፣ አንተን ነው» አልኩት። ለቀቀው።

እናንተስ፣ የሌለ ሰው ስም ከአፋችሁ አምልጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል።